ከሻርፑ በፊት መሪውን፦ በጅቡቲ ከተማ ለትንሽ ልጅ የስካውት ቡድን አመራረጥ

ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ፕላስ መነሊክ አጠገብ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ያሰሩ ልጆች በሰልፍ ሲያልፉ አየና ቀጥ ብሎ ቆመ። እጄን ጎተት አድርጎ «እኔም እንደዚያ ልልበስ» አለኝ። ስለ ስካውት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ያየው ሻርፑን ነው። እኔም ብሆን አባቴ አልፎ አልፎ ከሚያነሣው «ቦይ ስካውት» ከሚል ቃል በቀር እምብዛም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቡድኖች ዞሬ አየሁ፤ ከአንዱ ሸሸን፣ አንዱ ራቀን፣ በአንዱ ቆየን። እዚህ ከተማ ለሚኖሩ አበሻ ወላጆች የማካፍለው ያንን ዙረት ነው። ነገሩን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት ብባል፣ የሚመርጡት ልጅዎ ፊት የሚቆመውን ሰው ነው እላለሁ። ስሙና ልብሱ በኋላ ይደርሳሉ።

ልጁ ደርሷል ወይ?

ከዕድሜ ይጀምሩ። ስካውት ሲጀመር የታሰበው ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ነበር። ትንንሾቹ ግን ታላላቆቻቸውን እየተከተሉ አላስቆም አላስቀምጥ ስላሉ፣ መሥራቹ ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1916 «የተኩላ ግልገል» የሚባለውን የትንንሾች ክፍል አወጣላቸው። ፈረንሳዮቹ ይህን ክፍል «ሉቬቶ» ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት ጅቡቲም የሚሰሙት ይህንኑ ቃል ነው። የሉቬቶ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ነው። ከስድስት ዓመት ጀምሮ የሚቀበሉም አሉ።

ልጅዎ ስድስት ዓመት ከሆነው አይቸኩሉ። ጫማውን ራሱ ማሰር፣ «ሽንቴ መጣ» ብሎ ለማያውቀው ሰው መናገር፣ ውኃ ሲጠማው መጠየቅ ይችላል? ሦስቱን ከቻለ ደርሷል። በተለይ ሦስተኛው በዚህ ከተማ ቀልድ አይደለም።

ግልገሎቹ መሪያቸውን «አኬላ» ብለው ይጠራሉ፤ ከሩድያርድ ኪፕሊንግ «የጫካው መጽሐፍ» የተወሰደ የተኩላዎች አለቃ ስም ነው። ልጅዎ ቤት መጥቶ «አኬላ እንዲህ አለኝ» ቢል የመንፈስ ስም መስሎዎት እንዳይደነግጡ። የአንዲት ጎረቤቴ እናት የልጅ ልጃቸውን ጠበል ሊያስጠምቁት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ቤት ውስጥ አያት ካለች

ሁለተኛው እርምጃ ቤት ውስጥ ነው። የእኛ አገር ሰው ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ተሰልፎ ሲያይ ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። በንጉሡ ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቦይ ስካውቶች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ያ ጠፋ። በቦታው የመጣው የቀበሌ ሰልፍ፣ ኪነት፣ መፈክርና የወጣቶች ማኅበሩ አኢወማ ነው፤ ከዚያም አልፎ ልጁን ለዘመቻ የሰጠ ቤተሰብ ስንት ነው! ስለዚህ አያት «ዛሬ ሻርፕ ያሰሩለት ነገ ዝመት ይሉታል» ብትል አይሳቁባት። ያየችውን ነው የምትናገረው።

ጥርጣሬውም የእኛ ብቻ አይደለም። ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ስለነበር ነገሩ ወታደር ማልመጃ ነው የሚል ወሬ ከጥንቱም ተከትሎታል። ለእኔ መልስ የሆነኝ የመጀመሪያው ሰፈር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዞ ሰፈረ። ከሀብታም ትምህርት ቤት የመጡትን ከሠራተኛ ልጆች ጋር ቀላቀለ፤ በአራት ትንንሽ ቡድኖች ከፈላቸው፤ የየቡድኑን አለቃም ከልጆቹ መካከል አደረገ። የሚማሩት ቋጠሮ፣ ምግብ ማብሰል፣ ዱካ መከተል ነበር። ትንሽ ቡድን፣ የልጅ አለቃ፣ የእጅ ሥራ። እነዚህ ሦስቱ ያሉበት ቦታ ስካውት ነው። ሰልፍና ፉጨት ብቻ ካለ ግን አያት ትክክል ናት።

የት ይጠየቃል?

በጅቡቲ ብሔራዊ የስካውቶች ማኅበር አለ፤ ቡድኖቹ ግን በትምህርት ቤትና በሰፈር ዙሪያ ነው የሚገኙት። ስለዚህ መጀመሪያ የልጅዎን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይጠይቁ። ቀጥሎ በየካርቲዬውና በባልባላ ያሉትን፣ ሰዉ «ሴ ዴ ሴ» የሚላቸውን የማኅበረሰብ ማዕከላት ይሞክሩ፤ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ባይኖርም ዘበኛው ያውቃል። ቀይ ጨረቃም ወጣት በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ እሱ ግን ከፍ ላሉ ልጆች ይሻላል።

ቡድኑ ከዓለም ስካውት ድርጅት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሸሚዙ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ነው፦ ሐምራዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ፣ ዙሪያውን ገመድ፣ ገመዱ ከታች በቋጠሮ የታሰረ። ምልክቱን ማንም ልብስ ሰፊ ሊሰፋው ስለሚችል በእሱ ብቻ አይተማመኑ። ምዝገባው በየትኛው ማኅበር ስር እንደሆነና ከመሪው በላይ ማን እንዳለ ይጠይቁ። «ከእኔ በላይ ማንም የለም» የሚል መሪ ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ።

ሴት ልጅ ካለችዎ ሁለት ዓይነት አደረጃጀት አለ። አንዱ ወንድና ሴትን ያቀላቅላል፤ ሌላው «ጊድ» የሚባለው የልጃገረዶች ብቻ ነው። የትኛውም ቢሆን ሴት መሪ መኖሯን አይተው ይግቡ።

ልብ ይበሉ፤ ፍላጎትዎ ልጁ አማርኛውን እንዳይረሳና ከአበሻ ልጆች ጋር እንዲውል ከሆነ ስካውት አይደለም መልሱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ይውሰዱት፤ እዚያም ዩኒፎርም አለ፣ መዝሙርም አለ። ስካውቱ የሚጠቅመው ልጁ ከሚኖርባት ከተማ ልጆች ጋር እንዲዋሐድ ነው። ሥርዓቱ በፈረንሳይኛ ይሁን እንጂ ጨዋታው በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው የሚካሄደው። የእኔ ልጅ ከፈረንሳይኛው ቀድሞ በሶማሊኛ መከራከር ነው የለመደው።

ሄደው ይዩ፤ ልጁን ሳይዙ

ዋናው እርምጃ ይህ ነው። ብዙ ወላጅ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ስብሰባ ከዳር ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዩ። ልጁን ይዘው ከሄዱ አለቀልዎት፤ ሻርፑን ሲያይ እሱ ወስኗል፣ እርስዎ ደግሞ ያለቀሰ ልጅ ይዘው ነው የሚመለሱት።

መቼም ሰዓት ላይ እንዳይሳሳቱ። «ነፍ ኧር» ቢሉዎ የእኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ «ሴዝ ኧር» ማለት አሥር ሰዓት። እዚህ አሥር ዓመት የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ላይ ይሳከርባቸዋል። የዕረፍቱ ቀን ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ስብሰባው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይውላል። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በፊት ማለቅ አለበት፤ ካልሆነ መሪውም ልጆቹም ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ አንድ በወረቀት የማይጻፍ ነገር አለ። ጫቱ ከኢትዮጵያ ተጭኖ የሚደርሰው ቀትር ላይ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማዋ ታርፋለች። እኔ የያዝኩት ደንብ አጭር ነው፦ ልጅ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ሰዓት አይቅምም።

ቦታው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ጥላ ይፈልጉ። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የኻምሲን ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ዓይን አያስገልጥም። በእነዚያ ወራት ብዙ አበሻ ልጆቹን ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ ደህና ቡድንም ከቤት ውጭ ያለውን ሥራ ያቆማል ወይም ወደ ማለዳና ወደ ምሽት ያዞራል። ትክክለኛው የስካውት ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ሆኖም በጥር ወርም ቢሆን ቀትር ላይ አስፋልት ላይ የቆመ ልጅ ይጎዳል።

መጀመሪያ ያየሁት ቡድን ስሙ የተጠራ፣ ልብሱ የተተኮሰ ነበር። የዚያን ቀን እንግዳ ይጠበቅ ነበርና ልጆቹ በሦስት ረድፍ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ። አንዲት ትንሽ ልጅ ተቁነጠነጠች፤ መሪው «ስካውት አይነቃነቅም» አላት። እንግዳው ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ተናግሮ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። እኔም ሄድኩ።

ከዳር ቆመው የሚያዩት ሌላውን ልንገርዎ። ዓይንዎን ከሁሉም ትንሹ ልጅ ላይ ይጣሉ። የቡድኑ ጎበዞች መቼም ጎበዞች ናቸው፤ ባንዲራ የሚሰቅሉት፣ ከበሮ የሚመቱት እነሱ ናቸው። ትንሹ ምን ይሠራል? ገመድ ይዟል? ውኃ ያድላል? ተራው ሲደርስ እስኪጨርስ ይጠብቁታል ወይስ ታላቁ ነጥቆ ይቋጥርለታል? የቆየንበት ቡድን ውስጥ አንድ የሚንተባተብ ልጅ ስም መጥሪያ ተሰጥቶት ነበር። ሃያ ስም ለመጥራት ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ማንም አልሳቀም፤ መሪዋም አልቀማችውም። መዝገቡን የፈረምኩት የዚያኑ ቀን ነው።

ደቂቃም ይቁጠሩ። ከአንድ ሰዓት ውስጥ ስንቱ በመሰለፍ፣ ስንቱ በመሥራት አለፈ? ግማሹ ሰልፍ ከሆነ ለትንሽ ልጅ በዛ። የልጆቹንና የአዋቂዎቹንም ቁጥር ይያዙ። በስድስት በስድስት የሚከፈሉ ከሆነ ሥርዓቱን ያውቁታል ማለት ነው፤ ለሠላሳ ልጅ አንድ አዋቂ ካዩ ግን መሪው መልአክ ቢሆን አይበቃም።

ስብሰባው ሲያልቅ በግራ እጃቸው ሲጨባበጡ ያያሉ። በእኛም በሙስሊሙም ባህል ግራ እጅ መስጠት ነውር ስለሆነ ደንገጥ ይላል ሰው። በመላው ዓለም ያሉ ስካውቶች ሰላምታ ነው፤ መነሻው ከጋናው የአሻንቲ ሕዝብ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ለልጅዎ «ለስካውቶች ብቻ፤ ለአያትህ በቀኝ» ብለው ይንገሩት።

ሳያፍሩ የሚጠየቅ ጥያቄ

አሁን መሪውን ለብቻው ያነጋግሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይቅር። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ ያወጀው በልጅነታችን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ሰዎች ክስ ስለበዛበት ነው። ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ የካሳው ስምምነት 2.46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ያ የሆነው ሕግና ጠበቃ በሞላበት አገር ነው። የዓለም ስካውት ድርጅትም ልጆችን ከጉዳት የመጠበቅ መመሪያ አውጥቶ አባል ማኅበራት እንዲይዙት ያስገድዳል። ስለዚህ ቢጠይቁ ማንንም መስደብዎ አይደለም።

«ልጆችን ትጠብቃላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ» ነው መልሱ። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ልጄ ሽንት ቤት ሲሄድ ማን ይሸኘዋል? እኔ ብዘገይ ከልጄ ጋር ማን ይቆያል? ድንኳን ውስጥ አዋቂ ከልጆች ጋር ይተኛል? መሪው ለልጁ በግሉ ስልክ ይደውላል? ትክክለኛው መልስ በየትኛውም ጊዜ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ አይሆንም የሚል ነው። መልሱ ፈጥኖ ከመጣ ከዚህ በፊት አስበውበታል። መሪው ከተቆጣ ግን የፈለጉትን አውቀዋል።

ወላጅ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ማየት ይችል እንደሆነም ይጠይቁ። «ልጆቹ ይረበሻሉ» የሚል ሰበብ እኔ አልቀበልም።

ጸሎት፣ ጾም፣ ባንዲራ

ስካውት ሃይማኖት አልባ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ ለፈጣሪ ያለ ግዴታን ይጠቅሳል፤ የየትኛው እምነት ነው የሚለውን ግን ለልጁና ለቤተሰቡ ይተዋል። ጅቡቲ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ሙስሊም ስለሚሆን የእኛ ልጅ በጸሎት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይስማሙ። የእኛ ቡድን መሪ ያለችኝ «ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ከፈለገ የራሱን ይጸልያል» ነው። ከዚህ በላይ አልፈለግኩም።

ምግቡ የበለጠ ያስቸግራል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጾም ይለማመዳል፤ በካምፕ ደግሞ ሥጋና ወተት ይቀርባል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቀን ስብሰባው ይዘጋል ወይም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ሁለቱም ጥሩውን ወቅት በሉት። ዓመታዊ ፕሮግራሙን ሲሰጡዎ ከሁለቱም አጽዋማት ጋር ያስተያዩት።

ቃል ኪዳኑ ላይ «ለሀገሬ» የሚል አለ። የየትኛው ሀገር? ልጁ ቃል ከገባ በኋላ የሚጠይቅዎ ይህን ነውና ቀድመው ያስቡበት። እንግሊዞች ለውጭ ዜጋ ልጅ «አሁን ለምኖርበት አገር» የሚል አማራጭ አላቸው፤ መሪዎን ይህን ይጠይቁ። ሰኔ ውስጥ የነፃነት በዓል ሲመጣ ልጅዎ የጅቡቲን ባንዲራ ይዞ ሊሰለፍ እንደሚችል ይወቁ። እኔ በበኩሌ አልከፋኝም፤ ያሳደገችውን ከተማ ቢያከብር ምን ይጎድልበታል?

ካምፕ ሲመጣ

ለግልገሎች የአንድ ሌሊት ካምፕ ይበቃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ጉዞ ብቻ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከከተማ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ያለችው አርታ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ነፋሻ ናት፤ ለትንንሾች እኔ የምመርጣት እሷን ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ጎዳ ተራራ ላይ ያለው የዳይ ደን የጽድ ዛፍ የሚታይበት፣ ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው፤ ግን መንገዱ ረጅምና ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጁ አሥር ዓመት ይሙላው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለው አሳል ሐይቅ በፎቶ ያምራል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ምድጃ ነው።

ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ደረቅ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ወንዝ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከሃምሳ በላይ ሰው ወስዷል፤ በኅዳር 2019ም ከተማዋ በዝናብ ተጥለቅልቃለች። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ሆኖ፣ ውኃው የሚደርሰው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሜዳ ላይ ነው። አሸዋው ለስላሳ ነው ብሎ ወንዝ ውስጥ ድንኳን የሚተክል መሪ ካለ ልጅዎን አይስጡት። ሁለተኛው ባሕሩ ነው። ሲየስት ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ በእግር ይኬድበታልና ልጅ ይታለላል፤ ተመልሶ ሲሞላ የሚቆጥራቸው ሰው ያስፈልጋል። ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ በልጅ ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። የአዋቂው ጃኬት ለልጅ ከራሱ ላይ ይወልቃል።

የሚፈርሙት የወላጅ ፈቃድ ወረቀት በፈረንሳይኛ ይሆናል። ካልገባዎ ለሚያነብ ሰው ያስነብቡ። አስም ወይም አለርጂ ካለበት በቃል ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ያስጽፉ።

ልብሱ

በመጨረሻ ልብሱ። ዩኒፎርሙ የተፈለገው የሀብታምና የድሃ ልጅ እንዳይለይ ነው፤ የሀራሙስና የባልባላ ልጅ አንድ እንዲመስሉ። ዋጋው የባልባላውን ልጅ የሚያስቀር ከሆነ ዓላማው ተገልብጧል። ከታላቆች የተረፈ ልብስ ይሰጡ እንደሆነ፣ ክፍያውን በሁለት በሦስት ጊዜ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ቅልቅሉ በዚህ ሙቀት ቆዳ ያሳክካል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ያሰፉት፤ ልጅ ያድጋል። ባርኔጣው ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ይሁን።

ሻርፑን ከመሪው በፊት እርስዎ አይግዙለት። ልጁ ጥቂት ሳምንት ተለማምዶ ቃል ሲገባ ነው የሚታሰርለት፤ ያ ቀን ለእሱ በዓል ነው፤ ገበያ ወጥተው አያበላሹበት።

ሦስት ስብሰባ ከሄደ በኋላ ማታ ላይ «ጥሩ ነበር?» ብለው አይጠይቁት፤ «ዛሬ አንተ ምን ሠራህ?» ይበሉት። ሦስቱንም ሳምንት መልሱ «ቆምን» ከሆነ፣ ወይም የሚያወራ ልጅ ዝም ማለት ከጀመረ፣ ምክንያቱን ሳይጠብቁ ያስወጡት። እንዲሁ ቢሰለቸው ግን ዓመቱን እንዲጨርስ ያግባቡት፤ የስድስት ልጆች ቡድኑ አምስት ሆኖ ይቀራልና። ሲወጣም ሻርፑን አጥበው፣ አጥፈው ይመልሱ፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ።